ስምንት መቶ አሥራ አንድ

ኳስ በሚለጉበት አዳራሽ፣ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር አለ፤
ከመስመሩ ወዲያ ዕጩ፣ ወዲህ ቆጣሪ ተባለ።
ከጎረቤቱ ገንዳ ክሎሪን በበሩ ሥር እየመጣ፣
ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫችን ሲዋኝ አድሮ ደረቅ ወጣ።

ሐሙስ ከምሽቱ አራት፣ የምርጫው በር እንደተዘጋ፣
ጥቁር ሣጥኑ ተደረደረ እንደ ሆስፒታል አልጋ።
እኔ ቀን የተማሪ ምሳ ዐዳይ፣ ማታ የድምፅ ቆጣሪ፣
የጎማ ቆብ በአውራ ጣቴ፣ የሃምሳ ሃምሳ አሳሪ።
ያስፈረሙኝ ወረቀትም ሲጠቀለል አንድ ቃል ነው፦
ያየሽውን እዚያው ተዪው።

ሚልቤክ ጠባብ ቀጠና ናት። ዳክዬ የሚውልበት ቦይ፣
ጣሪያው የወደቀ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ሰማይ።
ግሌኒስ ክሮውሾ ወንበሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
የሊፕስቲኳ ቀለም አልተለወጠም፣ አልተለወጠም ኮቷ።
ናዲም ራፊቅ መድኃኒት ሻጭ፣ የሰፈሩን ሳል በስም የሚያውቅ፣
ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ፣ ሲደነግጥ ደግሞ የሚስቅ።

መጀመሪያ እሷ በሁለት በለጠች። ይደገም አሉ፣ ደገምን።
ቀጥሎ እሱ በአንድ። ይደገም አሉ፣ ደገምን።
በሦስተኛው ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ሻዩ ከነኩባያው ቀዝቅዞ፣
ስምንት መቶ አሥራ አንድ፣
ስምንት መቶ አሥራ አንድ፣
ሁለት ክምር ቆመ፣ እኩል ቁመት ይዞ።

ያን ጊዜ ነው የተበላሹት ወደ ብርሃን የተጠሩት።
አንዱ ሁለቱንም መርጧል። አንዱ ድመት ስሏል፣ ጢም ያላት።
አንዱ ግን፣
ሁለቱም ቦታ ባዶ፣ ከግርጌው በሰማያዊ እርሳስ፦
«የታነር ጎዳና መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ክረምቱ።
ለሁለታችሁም ነግሬአለሁ።»

የሁለቱ ወገን ወኪሎች አንገታቸውን አሰገጉ፣
ወደኛ ያጋደለ ነጥብ፣ ጭረት ካለ ብለው ፈለጉ።
አስመራጩ ሚስተር ፔምበርተን መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፣
«የመራጩ ፍላጎት አልታወቀም» አለና ማኅተሙን ጣለ።

አልታወቀም!
ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሐል ፍላጎቱ የታወቀ
እሱ ብቻ አልነበረም ወይ?

የእጅ ጽሑፉንም ለየሁት። የ«ጂ» ጅራት እንዲያ ጎብጣ
እንደ ዓሣ መንጠቆ፣ ስንቴ በበሬ ሥር ገብታ መጥታ
ስለ ቆሻሻ ቅርጫት ወቅሳኛለች።
ተውኩት። ፈርሜአለሁ።

ድምፅ ሲተካከል ሕጉ ዕጣ ይላል። ዕጣስ አላጣውም፣
የዕቁብ ዳኛ ልጅ ነኝ።
አባቴ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ከጎረቤት ያስጠራ ነበር፣
እጁ ዘመድ የማያውቅ፣ ጣቱ ቂም የማይቋጥር።
እዚህ ሕፃን አልተገኘም፤ የተገኘችው የሕፃን ቆብ ናት፣
ከጠፋ ዕቃ ሣጥን የወጣች፣ ቢጫ፣ የዋና፣ ዓሣ የታተመባት።
ሁለት ፖስታ ገባባት።
ፔምበርተን ፊቱን ወደ ቅርጫት ኳሱ መረብ አዞረና
አንዱን አወጣ።
«ራፊቅ።»

ግማሹ አዳራሽ ጮኸ። ክሮውሾ ጽፋ ካመጣቻቸው ሁለት ንግግሮች
አንዱን መልሳ ቦርሳዋ ከተተች። እጁን ጨበጠች።
ኋላ፣ ካሜራው ሲዞር፣ ቢጫዋን ቆብ አጣጥፋ
ወደ ሣጥኗ መለሰች፣
የሰው ዕቃ ነው ብላ።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረድኩ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ።
ታነር ጎዳና በሁለት መብራት መካከል
ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ጨልሟል።
ሚስተር ኤልስዎርዝ በፒጃማ ቆሻሻውን ይገፋል።
«ማን አሸነፈ?»
«ራፊቅ። በዕጣ። እኩል ሆነው።»
«በዕጣ? አንድ ሰው እንኳ…» አለና ቀሪውን ዋጠው።
እሱ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። እኔ ጫማዬን።
ቁልፌን ስፈልግ ነው ያወቅኩት፣ የጎማዋ ቆብ
እስከ አሁን አውራ ጣቴ ላይ ናት።